ካብ፣ ግምብ፣ ጭቃ፣ ብሎኬት፦ የጎንደር ሰው ቤቱን በምን ሠራ?

ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው ካብንና ግምብን አይቀላቅልም። ካብ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ምንም ማያያዣ ተደርድሮ የሚቆም ነው። የእርሻ ዳር፣ የግቢ አጥር፣ የከብት በረት በካብ ይሠራል፤ ክረምት ገፍቶ ሲያፈርሰው በበጋ መልሰው ይክቡታል። ግምብ ግን በኖራ የተያያዘ ድንጋይ ነው። የፋሲል ግምብ፣ የቁስቋም ግምብ፣ የጎርጎራ ግምብ እንላለን። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ደግሞ አብዛኛው ሰው የኖረበት፣ ስሙ በታሪክ መጽሐፍ እምብዛም የማይነሣ ጭቃ ቤት አለ።

ይህን ጽሑፍ ለዓመታዊ መጽሔታችን ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ በየስብሰባው ከቡና በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ነው። አንዱ ለወላጆቹ፣ ሌላዋ ለራሷ፣ ሌላው ለጡረታው ጊዜ ቤት ሊሠራ ያስባል፤ «በብሎኬት ይሁን? በድንጋይ? ወይስ የጭቃውን ላድሰው?» ይባባላል። መልሱ ሁልጊዜ ስለ ዋጋ ብቻ ይሆናል። ለእኔ ግን ከተማችን ይህንኑ ጥያቄ ለአራት መቶ ዓመታት ስትመልስ የኖረች ስለ ሆነች የእሷን መልስ መስማት የሚጠቅም ይመስለኛል። እኔ መሐንዲስም የታሪክ ምሁርም አይደለሁም፤ ስዊድን አገር ተምሬ እዚያው የምሠራ ነርስ ነኝ። ስለዚህ ቤት ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ወለሉ፣ ወደ መስኮቱና ወደ ጭሱ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

ኖራ ሲመጣ

ከጎንደር በፊት ነገሥታቱ የሚኖሩት በድንኳን ከተማ ነበር። ክረምት ሲመጣ አንድ ቦታ ይሰፍራሉ፣ በጋ ሲወጣ ይነሣሉ። በእንዲህ ያለ ኑሮ ለዘለዓለም የሚቆም ቤት መሥራት ትርፉ ድካም ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነገሥታቱ ወደ ጣና ዙሪያ ሲያዘነብሉና በአንድ አካባቢ ሲከርሙ ግን የድንጋይ ቤት ትርጉም ማግኘት ጀመረ። እንፍራንዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግምብ የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይባላል። ምሁራኑ ስለ ዕድሜው ይከራከራሉ፤ ከክርክሩ ምክንያቶች አንዱም ኖራ ነው። ግንቡ በኖራ የተሠራ ሆኖ ሳለ ኖራ በአገሩ መሠራት ጀመረ የሚባለው ከሠርፀ ድንግል በኋላ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነውና።

በ1624 ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ማኑኤል ደ አልሜዳ እንደ ጻፈው፣ ከሕንድ የመጣ አንድ ሰው ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ለይቶ ያሳየው በ1621 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ለሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ በስፔናዊው በፔድሮ ፓኤዝ መሪነት የተሠራው ቤተ መንግሥት ሰውን ሁሉ ያስደነቀ ነበር። ፓኤዝ ራሱ በ1622 ስለ ሞተ፣ በኖራ የተሠራውን ብዙውን ግንባታ አላየውም። የፈረንጆቹ ሚና ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ይጋነናል፤ «ግምቦቹን ፖርቱጋሎች ሠሯቸው» የሚል አስጎብኚ ዛሬም አይጠፋም። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ካባረሩ በኋላ ነው ጎንደርን በ1636 የቆረቆሩት። በ1648 ከየመን ኢማም ተልኮ የመጣው አልሐይሚም የፋሲልን ቤተ መንግሥት የሠራው ሕንዳዊ መሆኑን ጽፏል።

ኖራ አሠራሩ ቀላል ይመስላል። የኖራ ድንጋዩ በእቶን ውስጥ ወደ 900 ዲግሪ ሙቀት ይቃጠላል፤ በውስጡ ያለው አየር ወጥቶ ይቀልላል፤ ከዚያ ውኃ ሲያገኝ እየፈላ ይፈርሳል፤ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋዮቹ መካከል ይገባል። ከዚያ በኋላ ያንኑ ያጣውን አየር ከውጭ ቀስ እያለ መልሶ እየሳበ ለዓመታት ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ከባዱ ነገር እሳቱ ነው። አንድ እቶን ኖራ ለማቃጠል የሚያስፈልገው እንጨት ብዙ ነው፤ እንጨቱን የሚቆርጥ፣ ድንጋዩን የሚፈልጥ፣ በአህያና በሰው ጀርባ የሚያጓጉዝ ጉልበት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ይህን ሊያዝ የሚችል ንጉሥ፣ ንግሥት ወይም ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ግምብ የቤተ መንግሥት፣ ጭቃ የሕዝብ ሆኖ የቀረው። ድንጋዩስ ሞልቶ ነበር፤ ጎንደር የቆመችው በጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። የጎደለው ማያያዣው ነበር።

አልሐይሚም ይህንኑ ልዩነት አስተውሏል፤ ግንቡን አድንቆ ሲያበቃ የቀረው የከተማ ቤት የሣር መሆኑን ይናገራል። ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ያየውም ያንኑ ነው፦ በሰላም ጊዜ ወደ 10,000 ቤተሰብ የሚኖርባት ከተማ፣ ቤቶቿ በአብዛኛው የጭቃ፣ ጣራቸው እንደ ሾጣጣ ቆብ የቆመ የሣር ክዳን። ብሩስ የጣራውን ቅርጽ ከክረምቱ ዝናብ ጋር ማያያዙ ትክክል ነው። ሣር ውኃን የሚያሳልፈው ሲተኛ ነው፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን ውኃው ሳይሰርግ ይንሸራተታል።

ግንበኞቹ እነማን ነበሩ?

በሕንዳዊውና በፖርቱጋሉ ስም መካከል የሚጠፉት ድንጋዩን በእጃቸው የጠረቡት ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ቤተ እስራኤላውያን ዋነኞቹ ነበሩ። በሱስንዮስ ዘመን በስሜን በተደረገው ጦርነት ርስታቸውን ካጡ በኋላ ብዙዎቹ በእጅ ሙያ ለመኖር ተገደዱ፤ ወንዶቹ አንጥረኛ፣ ግንበኛና አናጺ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ሆኑ። ጎንደር ስትስፋፋ ነገሥታቱ ሙያቸውን ፈለጉት፤ ከእነሱ መካከል ለማዕረግ የበቁ የግንበኛና የአናጺ አለቆች ነበሩ። በከተማው ዳርቻ ያለችው ወለቃ የእነሱ መንደር ናት።

ነገሩ ልብ የሚሰብር ነው። ቤተ መንግሥቱን የሠራ እጅ «ቡዳ» እየተባለ ተሰደበ፤ ርስት ተከልክሎ በሰው መሬት ኖረ። እሳትና ብረት፣ ጭቃና ድንጋይ የሚነካን ሰው መናቅ በአገራችን የኖረ በሽታ ነው። ዛሬ አንድ ሙያ ያለው ግንበኛ ፈልጋችሁ ስታጡና የብሎኬቱ ግድግዳ ተንጋዶ ስታገኙት የዚያ ንቀት ዕዳ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን አስቡ። በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ጉዞዎችና ከዚያም በኋላ የቤተ እስራኤል ልጆች ወደ እስራኤል ሄደዋል። በእስራኤል የምትኖሩ አባሎቻችን፣ አያቶቻችሁ ስለ ድንጋይ አጠራረብና ስለ ኖራ አቃጠል የነገሯችሁ ካለ ለሚቀጥለው ዓመት እትም ጻፉልን።

ብሩስ መስኮት ሲያስከፍት

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ላምጣችሁ። ብሩስ ጎንደር ሲደርስ በቁስቋም፣ በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ የልጅ ልጆቻቸውን ይዟቸው ነበር። የአገሩ ልማድ በሽተኛውን በር ዘግቶ፣ አፍኖ ማስተኛት ነበር። ብሩስ ሐኪም ባይሆንም ጥቂት ሕክምና ያውቃል። ያደረገው የመጀመሪያ ነገር በሩንና መስኮቱን ሁሉ ማስከፈት፣ ቤቱን በሞቀ ውኃና በኮምጣጤ ማሳጠብ፣ በዕጣንና በከርቤ ማጠን ነበር። ለፈንጣጣ መድኃኒት አልነበረውም፤ የሰጣቸው አየርና ንጽሕና ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ስለ ነርሲንግ በጻፈችው ዝነኛ መጽሐፍ ከሁሉ አስቀድማ ንጹሕ አየርን ያነሣችው በ1859 ነው፤ ከብሩስ ወደ ዘጠና ዓመት ገደማ ዘግይታ። በትምህርት ቤት ይህን መጽሐፍ ስናነብ ቁስቋም ትዝ ያለችኝ ከክፍሌ ተማሪዎች እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ቁስቋምን የማታውቁ ልጆቻችን ወደ አገር ቤት ስትሄዱ መስኮቶቹን ተመልከቱ። ጥቁሩ ድንጋይ በቀይ ልስልስ ድንጋይ እየተከፈለ፣ የመስኮትና የበር ቅስቱ በዚያው ቀይ ድንጋይ ተጌጧል። ጥቁሩ ጠንካራ ነው፣ ለመጥረብ ያስቸግራል፤ ቀዩ ለመሮ ይመቻል፣ ግን ዝናብ ይበላዋል። ሠሪዎቹ ሁለቱንም በየቦታቸው አደረጓቸው፦ ክብደት የሚሸከመው ጥቁር፣ ዓይን የሚስበው ቀይ። ስለ ዕቃ ምርጫ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ጭቃው

ጭቃ ቤት ሲባል ዛሬ የድህነት ስም ሆኗል። አሠራሩን ግን ልብ ብሎ ያየ አይንቀውም። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ በልጥ ይታሰራል፣ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካል። የቦካው ጭቃ ለቀናት ይተኛል፤ በየጊዜው ውኃ እየተጨመረበት በእግር ይረገጣል። ጭዱ ጥቂት ሲበሰብስ ጭቃው እንደ ሊጥ ይያያዛል። ቸኩሎ የተለጠፈ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከወፍራሙ ምርጊት በኋላ ቀጭኑ ልስን ይመጣል፤ በመጨረሻም እናቶች በእበትና በአመድ ይለቀልቁታል። ሥራው የደቦ ነው፤ ጠላውና ድግሱ ከዋጋው ይቆጠራል።

የጭቃ ግድግዳ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ማታ ይመልሳል፤ የጎንደርን የጥር ሌሊት የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል። ጠላቶቹ ሁለት ናቸው፦ ከላይ ውኃ፣ ከታች ምስጥ። ለመጀመሪያው ሰፊ ክፈፍ ያለው ጣራ፣ ለሁለተኛው ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት መድኃኒት ነው። ሁለቱም የተሟሉለት ጭቃ ቤት ከሠሪው ዕድሜ በላይ ይቆማል።

የሣር ክዳኑ ግን ሌላ ጠላት ነበረው፤ እሳት። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 ከተማዋን አቃጠሉ፤ በጥር 1888 ደርቡሾች መጥተው የተረፈውን አጋዩት። (ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንዴት እንደ ተረፈች፣ የንቦቹን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።) ከሁለቱ ቃጠሎ በኋላ ለዘመናት ሰው የኖረባቸው ሰፈሮች የቀሩት ድንጋይ ሆነው ነው። ሕዝቡ ግን ተመልሶ የሠራው በዚያው በጭቃና በሣር ነበር፤ ሌላ ምርጫ አልነበረውምና።

ጣራው ሲለወጥ ቤቱ ተለወጠ

ሌላው ምርጫ የመጣው ከሁለት አቅጣጫ ነው። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አዲስ አበባ ገባና ቀስ በቀስ አገሩን ሁሉ ለበሰ። ቆርቆሮም ከባሕር ማዶ መጣ። ሁለቱ ተገናኝተው የቤታችንን ቅርጽ ለወጡት። የወይራ እንጨት ጠንካራ ነው፣ ግን ጠማማ ነው፤ ክብ ቤት ጠማማውን ይችላል። ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ፈጥኖ ያድጋል። ቆርቆሮ ደግሞ አራት ማዕዘን ነው፤ በክብ ጣራ ላይ ልክደነው ቢሉ ግማሹ በመቀስ ተቆርጦ ይቀራል። ስለዚህ ክቡ ቤት አራት ማዕዘን ሆነ። ማንም አዋጅ አላወጀም፤ ጣራው ግድግዳውን አዘዘው።

እዚህ ላይ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙም የማያነሡት፣ እኔ ግን እንደ ነርስ የማላልፈው ነገር ተከሰተ። በሣር ቤት ውስጥ የሚነደው እሳት ጭሱ በሣሩ መካከል እየተጣራ ይወጣ ነበር። ጭሱ ሣሩን ከነፍሳት ይጠብቃል፣ ጥቀርሻውም እንጨቱን ያጠነክራል። በእርግጥ ያኔም ዓይን ያስለቅስ፣ ሳንባ ይጎዳ ነበር። ቆርቆሮ ሲመጣ ግን መውጫው ተደፈነ፤ ኮርኒስ ሲጨመርበት ጨርሶ ተዘጋ። ምድጃው እዚያው በነበረበት ቀረ። የሕፃናት የሳንባ ምችና የእናቶች ሥር የሰደደ ሳል ከጭስ ጋር ያለውን ዝምድና ዛሬ የሚጠራጠር የጤና ባለሙያ የለም። ጣራ የለወጠ ሰው በዚያው ቀን ምድጃውን ማውጣት ነበረበት።

ከጣሊያን የቀሩልን ቃላት

ከ1936 እስከ 1941 በነበረው ወረራ ጣሊያኖች ጎንደርን የግዛታቸው አንዱ ዋና ከተማ አደረጓት። ጌራርዶ ቦሲዮ የተባለ አርክቴክት በ1938 የከተማ ንድፍ አወጣ። ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ማዕዘናቸው የዞረ ቢጫ ሕንፃዎች ሁሉ የዚያ ዘመን ናቸው። ንድፉ ለነጭ አንድ ሰፈር፣ ለጥቁር ሌላ ሰፈር የሚለይ ነበር፤ ውበቱን ስናደንቅ ይህን መርሳት የለብንም።

በእነዚያ ሕንፃዎች ላይ ድንጋይ ያመላለሱት፣ ብረት ያጠፉት የእኛው ሰዎች ናቸው። ማስረጃው በአንደበታችን አለ። ፌሮ፣ ጣውላ፣ ሶሌታ፣ አርማታ፣ ሊሾ፣ ኮርኒስ፣ ብሎኬት ሁሉም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካም የተመሠረተው በዚያው ዘመን ነው። ሲሚንቶ እንደ ኖራ አይለምንም፤ በሰዓታት ይጠነክራል፣ በሳምንታት ኃይሉን ይሞላል። ኖራ ግን የሚተነፍስ ነው፤ ግድግዳው ውስጥ የገባ እርጥበት በእሱ በኩል ይወጣል። ጣሊያኖች የፋሲል ግቢን ሲጠግኑ አርማታና ሲሚንቶ ተጠቀሙ፤ በ1979 ግቢው በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ በተደረጉት ጥገናዎች ያ ሲሚንቶ በአብዛኛው ተነሥቶ በጥንቱ ኖራ ተተካ። ጠንካራው ዕቃ ሁልጊዜ የተሻለው ዕቃ አይደለም፤ ከጎኑ ካለው ጋር ካልተስማማ ያፈርሰዋል። በጭቃ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶ ልስን ያስለሰነ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል፤ ሁለት ሦስት ክረምት ሲያልፍ ልስኑ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል።

ወለሉ

በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር የሚያሠማራ ነበር። ሥራቸው መርፌ መውጋት ብቻ አልነበረም፤ ጉድጓድ፣ ሽንት ቤት፣ መስኮት ማስከፈትም ነበር። በወባ መከላከያው ርጭት የተገኘ አንድ ትምህርት ለጭቃ ቤት ባለቤት ዛሬም ይጠቅማል። መድኃኒቱ የሚሠራው በግድግዳው ላይ ሲቆይ ነው፤ የጭቃ ግድግዳ ግን ይመጥጠዋል። ለበዓል ተብሎ ግድግዳው ሲለቀለቅ ደግሞ መድኃኒቱ ከሥር ይቀበራል። ስለዚህ መለቅለቅ ከርጭቱ በፊት ነው፤ ከርጭቱ በኋላ ቢያንስ ለስድስት ወር ግድግዳው አይነካም።

ከግድግዳው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ወለሉ ነው። በአፈር ወለል ላይ ቁንጫና ሙጀሌ ይራባል፤ የሕፃን ሽንትና ሰገራ ይሰርጋል፤ የሚድህ ልጅ ከዚያ ላይ እጁን ወደ አፉ ያደርሳል። በሜክሲኮ፣ በኮዋዊላ ግዛት ከ2000 ጀምሮ የድሆችን የአፈር ወለል በሲሚንቶ የሚሸፍን የመንግሥት ፕሮግራም ነበር። ያጠኑት ምሁራን እንዳገኙት፣ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ከአፈር ወደ ሲሚንቶ ወለል ሲለወጥ በሕፃናቱ ላይ የሆድ ጥገኛ ተሕዋስያን በ78 በመቶ፣ ተቅማጥ በ49 በመቶ፣ የደም ማነስ በ81 በመቶ ቀንሷል። ግድግዳው አልተነካም፤ ጣራው አልተነካም። እንግዲህ ብር የሚያንሰው ሰው ሲሚንቶውን የት ላይ ያፍስስ ብትሉኝ መልሴ ይህ ነው፦ መጀመሪያ እግር የሚረግጠው ላይ።

እኛ ግን በተቃራኒው እንሄዳለን። በሐምሌ 1975 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ ብዙው ጭቃ ቤት የቀበሌ ሆነ። ተከራዩ የእሱ ያልሆነውን አያድስም፤ ቀበሌውም በጥቂት ብር ኪራይ ሊያድስ አይችልም። አንድ ትውልድ ጭቃ ቤት ሲፈርስ እንጂ ሲታደስ ሳያይ አደገ። ጭቃ ማለት ውርደት፣ ብሎኬት ማለት ክብር የሚለው ስሜት ከዚህም የመጣ ይመስለኛል። ከውጭ የሚላከው ብር ያንን ስሜት አጠናከረው፤ ፎቁ ከመንገድ ይታያል፣ ወለሉ ግን ፎቶ ላይ አይወጣም።

የእናቴ ቤት

የእናቴ ቤት የጭቃ ነው። ወንድሞቼና እኔ ብር አዋጥተን አፍርሰን በብሎኬት ልንሠራላት ተነሣን፤ ሲሚንቶ ከገበያ ጠፍቶ ዋጋው የናረበት ወቅት ነበር። አንድ አዛውንት ግንበኛ መጡና በግድግዳው ዙሪያ እየዞሩ በጡጫቸው አንኳኩ። ከዚያ ለእናቴ «እትዬ፣ ይሄ ግድግዳ ምን በደለ? ምስጥ የበላው እኮ እግሩን ነው» አሏት። እናቴም ለእኛ በስልክ «ልጆቼ፣ ሰውየው የሚለው ደስ ብሎኛል። ቤቴን ተዉልኝ፣ እግሩን አሳክሙልኝ» አለችን።

የሆነውም እንዲሁ ነው። የበሰበሰው የቋሚዎቹ ጫፍ እየተቆረጠ ከሥር ድንጋይ በሲሚንቶ ተገንብቶ ገባ። ወለሉ ድንጋይ ተነጥፎበት ሊሾ ሆነ። ከነባሩ መስኮት ትይዩ ሌላ መስኮት ተከፈተ፤ አየር የሚገባበት ብቻ ሳይሆን የሚወጣበትም ያስፈልገዋልና። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ ጭስ ማውጫ ተሠራለት። ልስኑ እንደ ቀድሞው በጭድ ጭቃ ሆነ። የቀረው ብር ለውኃ ታንከርና ለሽንት ቤት በቃ።

ይህን የምነግራችሁ ብሎኬትን ለመንቀፍ አይደለም። ከመሬት ጀምሮ አዲስ የሚሠራ፣ ፎቅ የሚያስብ፣ ወይም ደህና እንጨት የማይገኝበት ሰፈር ያለ ሰው ብሎኬት ቢመርጥ ያስኬደዋል። ግን ብሎኬት ሸክም የሚይዘው በኮለኑና በቢሙ ነው፤ በፌሮ ላይ የተቆጠበ ብር በግድግዳው ስንጥቅ ይመለሳል። ብሎኬትም አርማታም ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውኃ መጠጣት አለበት፤ በማግስቱ ከፀሐይ ላይ ተነሥቶ የተሸጠ ብሎኬት በእጅ ሲጫኑት ይፈርሳል። ቆርቆሮ ስታስገዙ የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ውፍረቱ የሚቀንስ መሆኑን ዕወቁ፤ 28 ከ32 ይወፍራል። በስልክ ብቻ የሚሠራ ቤት ደግሞ በየደረጃው ፎቶ ያስፈልገዋል። መሠረቱ ከመሸፈኑ በፊት፣ ፌሮው አርማታ ከመፍሰሱ በፊት አስነሥታችሁ አስልኩ፤ ከተሸፈነ በኋላ የሚታየው ቀለሙ ብቻ ነው።

ማኅበራችን ሊያሠራው ያሰበው የእናቶች ማቆያ ቤት ንድፍ ለአባላት ተልኮ አይቼዋለሁ። የድንጋይ መሠረት፣ የብሎኬት ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ወለል አለው፤ በዚህ ደስ ብሎኛል። መስኮቶቹ ግን ሁሉም በአንድ ወገን ናቸው፤ ከትይዩ እንዲጨመሩ ለኮሚቴው ጽፌያለሁ። ደግሞም ከሩቅ ገጠር መጥተው መውለጃቸውን የሚጠብቁ እናቶች ይዘዋቸው የሚመጡ ዘመዶቻቸው ገንፎና ሽሮ ሊሠሩላቸው ነው። ምድጃው የት እንደሚሆን በንድፉ ላይ አልተሣለም። ከጠቅላላ ጉባኤው በፊት ንድፉን አንድ ጊዜ አውጥታችሁ እዩት።